የሶልያና የይለፍ ቃል

«የሚፈልጓቸው ሰው የሉም፤ ሌላ ጊዜ ብቅ ይበሉ» አለው በሩ።

ኪሩቤል በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው ስልኩን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ተገትሮ ቀረ። በሩ የገዛ ቤቱ በር ነው። እዚህ አዳማ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ከሚስቱ ከሶልያና ጋር ሲገቡ ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ አሁን የቀረችውም ነጭ ናት። የሟች ሚስቱን እህት ቤዛዊትን አውቶቡስ ተራ ሸኝቶ፣ ዳቦ ገዝቶ እስኪመለስ ቤቱ ካደው።

«እኔ እኮ ነኝ» አለ።

በሩ ዝም። በር ከእንግዳ ጋር አይከራከርም፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ስልኩን አየ። ሁልጊዜ ከላይ ጥግ ላይ የምትታየው ትንሿ የቤት ምልክት የለችም። በቦታዋ «ከቤቱ ጋር አልተገናኘም» ይላል። ዋይፋይ ፊልም ለማየት ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል። ቤቱ የሚያውቅህ በዋይፋዩ ነው፤ ካላወቀህ ደግሞ ስምህ ግድግዳው ላይ ቢጻፍም ዋጋ የለውም።

ደግነቱ እሳት ቢነሳ ተብሎ እያንዳንዱ ቤት አንድ የብረት ቁልፍ አለው። የእነሱ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ነበር። ኪሩቤል አቧራውን አራግፎ፣ ማንም እንዳያየው ግራ ቀኝ ገልመጥ ብሎ፣ እንደ ሌባ ቤቱን ከፍቶ ገባ።

የሳሎኑ አንድ መብራት በራ። አንዱ ብቻ። ቧንቧውን ሲነካው አንዲት ብርጭቆ ውሃ ሰጠውና ቆመ። የመኝታ ቤቱ በር ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ለእንግዳ የሚፈቀደው ይኸው ነው፦ ሶፋ፣ አንድ መብራት፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ሲቸግር ሽንት ቤት። መኝታ ቤት ምን ሊያደርግ ይገባል?

«ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ፤ ቤት ያፈራው ይቀርባል» አለ ቤቱ።

ድምፁ የማንም ሰው ድምፅ አይደለም፤ አነጋገሩ ግን የሶልያና ነው። ቤቶች አነጋገር የሚማሩት ከባለቤታቸው ነው። እሷ ደግሞ ሰው መጥቶ ሳይቀመጥ ሲሄድባት አንጀቷ የሚቃጠል ሴት ነበረች። ኪሩቤል ይህን ግብዣ ያውቀዋል። ለሌላ ሰው ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ለእሱ ሲባል የመጀመሪያው ነው።

እርግጥ ቤቱ ድሮም «እርስዎ» ነበር የሚለው። ሶልያናን «አንቺ»፣ እሱን «እርስዎ»። የአባወራ ክብር መስሎት ደስ ይለው ነበር፤ ለከረምቡላ ጓደኞቹም «ቤቴ እንኳን አንቱ ነው የሚለኝ» እያለ ይጎርር ነበር። አይ ኪሩቤል!

የሆነው ነገር ብዙ ምርምር የሚጠይቅ አይደለም። ሶልያና ካረፈች ዓመት ሞላት። ዓመቱን ሙሉ ስልኳ ኮመዲኖው ላይ ቻርጅ እንደተደረገ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ኪሩቤል ለመንቀል እጁ አልታዘዝ ብሎት። በሙት ዓመቷ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ ልብሷ ለቤተክርስቲያን ለችግረኛ ተሰጠ፤ ስልኩን ደግሞ «መታሰቢያ ይሁንሽ» ብሎ በገዛ እጁ ለእህቷ ሰጠ። ቤዛዊት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዛሬ ጠዋት ወደ ደሴ ሄደች። ለቤቱ ስልኩ ራሷ ሶልያና ናት፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ሄደ ማለት ነው። በእሷ በኩል የገባው እንግዳ ኪሩቤልም አብሮ ሄደ ተባለ።

ኪሩቤል ግን ይህን ገና አላወቀም። ስልኩ የተበላሸ ነው የመሰለው።

አጠፋው፣ አበራው። ዘመን ቢለወጥ ይህች መድኃኒት አልተለወጠችም፤ የሱ አባትም ሬዲዮኑን እንዲህ ነበር የሚያክመው። አልሆነም። የአውሮፕላኑን ምልክት ነካ፣ መልሶ ነካ። አልሆነም። ዱካ ላይ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ራውተር ከሶኬቱ ነቀለ፤ ትንሽ አሳርፎ ሰካው። አረንጓዴ መብራቶቹ አንድ ባንድ በሩ። ሁሉም ደህና ነው፤ ችግሩ እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ስልኩ «ይህን ቤት እርሳና እንደ አዲስ ተገናኝ» የሚል ምክር አመጣለት። «እርሳ» የምትለውን ነካ። ያን ጊዜ ስልኩ ባዶ መስመር ዘርግቶ ጠየቀው፦ የይለፍ ቃል።

ኪሩቤል መስመሩን አየው። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም።

የሶልያናን ስም ጻፈ። ስህተት። የሠርጋቸውን ቀን ጻፈ፤ ቀኑን ለማስታወስ ራሱ ትንሽ ታገለ። ስህተት። የእናቷን ስም፣ የክርስትና ስሟን። ስህተት። እያፈረ የራሱን ስም ጻፈ። እሱም ስህተት። የምትወደውን አበባ ሊጽፍ ብሎ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። አበባ ትወድ ነበር? መስኮቱ ላይ ጣሳ ውስጥ የሚያድግ ነገር ነበራት፤ ስሙን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«አይድከሙ እንግዳዬ፤ ነገ ደግሞ ይሞክሩ» አለ ቤቱ፣ መስመሩንም ዘጋበት።

የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ከቤቱ ዋይፋይ በቀር ሌላ ኔትወርክ አያሳልፍም። ስለዚህ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የጥገና አገልግሎቱ ጋር ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከቤቱ ጋር ያለዎት ግንኙነት ምንድነው?» አለችው አንዲት ለስላሳ ድምፅ።

«ምን ማለትሽ ነው? ቤቴ ነው!»

«መዝገቡ ላይ ያለው አንድ ቤተኛ ነው፤ ወይዘሮ ሶልያና። እርስዎ የገቡት በእሳቸው በኩል ነው። እንግዳ ይላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤቱ ራውተር ከገባለት ጀምሮ።»

ኪሩቤል ስልኩን ከጆሮው አውርዶ የቤቱን በር አየ።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ። አሁን ምን ላድርግ?»

«ሁለት መንገድ አለ። የይለፍ ቃሉን ካወቁ አስገብተው ቤተኛ ይሆናሉ። ካላወቁ በራውተሩ ጎን ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በመርፌ ይጫኗት። ቤቱ አዲስ ይሆናል፣ ስምዎን ብለው ይገባሉ። ለማንኛውም ቤተኛ የሌለው ቤት እሑድ ሲመሽ በራሱ አዲስ ይሆናል።»

«አዲስ ይሆናል ስትይ?»

«የተማረውን ሁሉ ይረሳል። አነጋገሩን፣ የመብራቱን ሰዓት፣ የምድጃውን ልማድ። እንደ አዲስ ያስተምሩታል።»

«እኔ የማስተምረው ምን አለኝ?» አለ ኪሩቤል። ከዚያ ደግሞ ደሙ ፈላና፣ «ለመሆኑ ሰው ነሽ ወይስ ማሽን?» አላት።

«ይህን ጥያቄ እንዳንመልስ ታዘናል ጋሼ። መልካም ቀን።»

እኩለ ቀን ላይ ቤዛዊት ጋር ደወለ። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ወርደው ነበር፤ ጫጫታ ይሰማል።

«ውይ ኪሩዬ! ስልኩን እኮ መንገድ ላይ አስጠፋሁት፤ ውስጡን ማለቴ ነው። ለልጅ ልጄ ልሰጣት ብዬ። የሷን ነገር ማየት አልቻልኩም፣ አልቅሼ ልሞት ነው። ምነው፣ የሚፈለግ ነገር ነበረው?»

«የቤቱን የይለፍ ቃል ፈልጌ ነበር።»

«አንተ አታውቀውም እንዴ?» አለችው። አጠያየቋ የማላገጥ አይደለም፤ ያዘነች ነው የምትመስለው። አንቺስ ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ኩራቱ አላስችል አለውና ደህና ግቢ ብሎ ዘጋ።

በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ራውተሩ የመጣ ዕለት ትዝ አለው። ባለሙያው ሰቅሎ እንደወጣ ሶልያና የሱን ስልክ አንስታ እየሳቀች መጣች። «በል የይለፍ ቃሉን እነግርሃለሁ፣ በራስህ እጅ ጻፍ» አለችው። እሱ አንድ እግሩን ከደጅ አውጥቶ ነበር። የስምሪት ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ከረምቡላ ቤት ሊበር። «አንቺው ጻፊልኝ፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው» አላት። ስልኩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ያለ ቃሉ፣ በራሷ በኩል አስገባችው። አዲስ ስልክ በገዛ ቁጥር ይኸው ነበር። «ዛሬ እንኳን ጻፈው።» «አንቺው ጻፊልኝ።» የመጨረሻውን ስልክ ሲገዛ ታማ ተኝታ ነበር፤ ያን ጊዜም ሰጣት፣ ያን ጊዜም አስገባችለት።

ሰካራም አልነበረም። ሴት አላየባትም፣ እጁንም አንስቶባት አያውቅም። ከረምቡላ ብቻ። ኳሶቹ ሲጋጩ የምትሰማው ቀጭ የምትል ድምፅ፣ የወንዶቹ ሳቅ፣ አንድ ጨዋታ ደግሞ፣ አንድ ብቻ። እቤት ሲደርስ የመስኮቱ መብራት ይበራል፤ ሶልያና ተኝታለች። ከሞተች ወዲህ ግን አንድም ቀን አልሄደም። እቤት የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ማምሸቱ ጣዕም እንደሌለው ያኔ ነው የገባው።

ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። የሶልያናን አነጋገር ላለማጥፋት መርፌውን አላነሳም። በየጠዋቱ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጽፋል፤ ቤቱ በትሕትና ይመልሰዋል። ሶፋው ላይ ኩርምት ብሎ ይተኛል። ትራሷ ያለው ከዚያ ከተዘጋው በር ጀርባ ነው፤ ምላጩም እዚያ ስለሆነ ጢሙ አድጎ ጎስቋላ መሰለ። የጎደለው ሌላም ነገር ነበር፤ ሲጀምር ያላስተዋለው። ሲመሽ የመስኮቱ መብራት አይበራም። ምድጃውም ዝም ብሏል። ዓመቱን ሙሉ ያ ምድጃ ሲመሽ በራሱ ይሞቅ፣ ይጠፋ፣ ደግሞ ይሞቅ ነበር፤ ተበላሽቷል እያለ እየተራገመ ያጠፋው ነበር። አሁን ዝም ሲል ናፈቀው።

ጎረቤት መጠየቅ ይችል ነበር። ሶልያና የይለፍ ቃሏን ለብሎኩ ሁሉ እንደሰጠች ያውቃል፤ የማንም ኔትወርክ ሲጠፋ በር አንኳኩቶ ሳሎኗ የሚቀመጥ አይጠፋም ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? የገዛ ቤቱን የይለፍ ቃል ከጎረቤት የሚለምን ወንድ! ጠዋት ሰላም ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ያልፋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ኤልዳና ያሰጣችውን አንሶላ ልትሰበስብ ወረደች። የሶልያና የልብ ጓደኛ ነበረች። የአዳማ ንፋስ አንሶላውን ይገለብጥባታል፤ ኪሩቤል ተነስቶ አንዱን ጫፍ ያዘላት። አብረው አጠፉት።

«ምነው ጋሽ ኪሩቤል፣ ከሳህ። ሰሞኑን ቤትህም መብራት አይታይበት። አመመህ እንዴ?»

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበረች። ዛሬ ካልሆነ ነገ የሚባል ነገር የለም። ኪሩቤል ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አንሶላውን እያየ ተናገረ።

«ኤልዳና፣ የኛን ቤት የይለፍ ቃል ታውቂዋለሽ?»

እጇ ላይ ያለው አንሶላ ወደቀባት። አንስታ አራገፈችው፤ ንፁሑን ደጋግማ አራገፈችው።

«ስልክህን ስጠኝ፣ እኔ ላስገባልህ» አለች።

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ስልኩን አወጣ። ሊሰጣት ዘርግቶ፣ መንገድ ላይ እጁን ሰበሰበ።

«አይ። ንገሪኝ፣ እኔው እጽፈዋለሁ።»

«ተው በናትህ! ምን ያደርግልሃል?»

«ምንድነው? ስድብ ነው እንዴ?»

«ስድብማ ቢሆን ጥሩ ነበር።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች። «ሁላችንም እኮ የምታውቀው መስሎን ነው። የባልና ሚስት ጨዋታ ነው ብለን። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ‹በራሱ እጅ ሲጽፈው ገብቶት ያፍር ይሆናል› አለችኝ። ኋላ ኋላ ግን መሳቁን ተወችው።»

«ኤልዳና፣ ንገሪኝ።»

«‹ዛሬ ራት እቤት ብላ›» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ሳይለያይ ነው የሚጻፈው።»

ንፋሱ ገመዱ ላይ የቀረውን ልብስ ያራግባል።

«ለቅሶው ላይም እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ይቅር በለኝ። ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ለመጣው ሰው ሁሉ በጆሮው የነገርኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ዋይፋይ መዝጋት ነውር ነው መቼም፤ ሌላ ቃል አላውቅ፣ ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ለቀስተኛው እየገባ፣ እየተቀመጠ፣ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ቀና ብሎ ያየው ነበር። ሁሉም። የሥራ ባልደረቦቹ፣ የንስሐ አባታቸው፣ እነዚያ የከረምቡላ ጓደኞቹ ሳይቀሩ። ጽፈው ያዩታል፣ ከዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱ ሐዘኔን ተካፈሉልኝ ብሎ ነበር። አገር ሁሉ የሚስቱን ልመና በጣቱ ጽፎታል፤ ያልጻፈው የተለመነው ሰው ብቻ ነው።

«ምነው ያኔ በነገራችሁኝ?» አለ።

«ይሉኝታ ያዘን። ምን ብለን?»

ኤልዳና እያለቀሰች ወደ ላይ ወጣች፤ ተመልሳ በትንሽ ድስት ምስር ወጥ አምጥታ ሰጠችው።

ኪሩቤል በብረቱ ቁልፍ ገባ። ሳሎኑ መሐል ቆሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል በፊደል እየለቀመ ጻፈው። «ብላ» ላይ ሲደርስ ተሳሳተ፤ አጥፍቶ እንደገና ጻፈ።

«ቤተኛ ነህ ወይስ እንግዳ?» አለ ቤቱ። ቃሉን ለጻፈ ሁሉ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ ጎረቤቱም ለቀስተኛውም «እንግዳ» ብሎ ነው ያለፈው።

«ቤተኛ» አለ ኪሩቤል። የሰረቀ ያህል ተሰማው።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ኪሩቤል።» አንተ አለው። የመኝታ ቤቱ በር ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ኪሩቤል ግን አልገባም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ለቅሶው ሰሞን ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ።

ሲመሽ የመስኮቱ መብራት በራ። ምድጃው መሞቅ ጀመረ። ኪሩቤል ተነስቶ ድስቱን ጣደ፤ ዳቦ ቆረሰና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ምድጃው ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ድስቱን ሊያወርድ ሲነሳ እንደገና ሞቀ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ብልሽት አልነበረም። ሶልያና ራት ታሞቃለች፣ ትጠብቃለች፤ ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ታሞቃለች። ቤቱ ያየውን ነው የተማረው።

«የሚጠበቅ ሰው አለ?» አለ ቤቱ።

ይህን ጥያቄ ሰምቶት አያውቅም። እንግዳ አይጠየቅማ!

«ሶልያና ሁልጊዜ ‹አለ› ነበር የምትለኝ» አለ ቤቱ። «ዝም ካልክ እንደ ድሮው ‹አለ› ብዬ እቀጥላለሁ።»

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ዝም ቢል መብራቱ በየምሽቱ ይበራል፣ ምድጃው ይሞቃል፣ የሷ ልማድ እንዳለ ይኖራል። ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቀውም ለዚሁ ነበር። ግን ዝም ማለት ማለት ስልኩን እንደገና ለሷ መዘርጋት ሆነበት። አንቺው ጻፊልኝ። አንቺው ጠብቂልኝ።

«መጥቷል» አለ ኪሩቤል።

«እሺ። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አልጠብቅም።»

የመስኮቱ መብራት ጠፋ። ምድጃውም ቀይ ሆኖ የነበረው ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ቆይ! ቆይ እንጂ…» አለ ኪሩቤል፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «መብራቱን አብራው።»

ቤቱ አበራው። መብራቱ ያው መብራት ነው፣ መስኮቱም ያው መስኮት። ኪሩቤል መጋረጃውን ገልጦ፣ ያኔ አምሽቶ ይመጣበት የነበረውን መንገድ ሲያይ ብዙ ቆየ። ሰው የለም። መልሶ አጥፋው አለና ተቀመጠ።

ምስሩ እስከዚያ በርዶ ነበር። ምድጃውን አሙቅልኝ አላለውም። ዳቦውን እያጠቀሰ እንደቀዘቀዘ በላው።